ግማሽ ደሞዝ ለቋንቋ፦ አምስተርዳም ላይ ፈረንሳይኛ የተማረው ተላላኪ

ፈረንሳይኛ መማር እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ቀጣዩ ወሬ ሁልጊዜ ገንዘብ ነው። የኮርሱ ክፍያ አይቀመስም። መጽሐፉ ውድ ነው። ዳታው ቶሎ ያልቃል። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም አልከራከርም። ይልቅ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ያለችህን ትንሽ ገንዘብ ምን ላይ ልታውላት አስበሃል? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። መጽሐፍ እንገዛለን፣ አፕ እንጭናለን፣ ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም አቧራ ይለብሳል።

ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰልኝ ከ180 ዓመት በፊት የኖረ አንድ ተላላኪ ነው። ሃይንሪሽ ሽሊማን ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ትሮይ የተባለችውን የጥንት ከተማ ፍለጋ ቱርክ ውስጥ ሂሳርሊክ የሚባለውን ጉብታ በመቆፈሩ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ደሃውን ሽሊማን ነው። ደሞዙን፣ ኪራዩን፣ ቁርሱን ሳይቀር ራሱ ጽፎ ስለተወልን ጉዳዩን በቁጥር መመርመር ይቻላል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሱቅ እስከ አምስተርዳም

ሽሊማን በ1822 በሰሜን ጀርመን፣ መክለንበርግ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበር። እናቱ የሞተችው ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ቤተሰቡ ተቸገረ፤ ልጁም በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ተቀጠረ። አምስት ዓመት ተኩል ዓሣ፣ ቅቤ፣ ጨው፣ ሻማና የድንች አረቄ ሲሸጥ ኖረ። ሥራው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነበር። መጽሐፍ የሚገልጥበት ፋታ አልነበረውም። አንድ ቀን ከባድ በርሜል ሲያነሳ ደረቱን ተጎዳና ደም ተፋ፤ ከሱቁም ወጣ።

በ1841 መጨረሻ ከሃምቡርግ ወደ ቬኔዙዌላ በምትሄድ መርከብ ላይ ተላላኪ ልጅ ሆኖ ተሳፈረ። መርከቧ በክረምቱ ማዕበል ሆላንድ ዳርቻ ላይ ተሰበረች። እሱ ተረፈ። አምስተርዳም ሲገባ የሰው እጅ የሚያይ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ሃምቡርግ ያለ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ገንዘብ አሰባስቦ ላከለት፤ በሰው በሰው ደግሞ አንድ የንግድ ቤት ሥራ ተገኘለት። ሥራው የሐዋላ ሰነድ ላይ ማኅተም መምታት፣ ሰነዱን ከተማ ውስጥ ማድረስ፣ ደብዳቤ ወደ ፖስታ ቤት ማመላለስ ነበር። ጭንቅላት የሚፈልግ ሥራ አይደለም። እሱ ግን ወደደው፤ ሐሳቡን ነጻ ይተውለት ስለነበር።

በጀቱ

ደሞዙ በዓመት 800 ፍራንክ ነበር። ግማሹን ለትምህርት አደረገው። በቀረው 400 ፍራንክ ኖረ።

የቤት ኪራዩ በወር 8 ፍራንክ ነው፤ በዓመት 96። ከ400 ላይ ይህ ሲነሳ 304 ይቀራል። ለ365 ቀን ስናካፍለው በቀን 83 ሳንቲም ግድም ይደርሰዋል። ምግቡም፣ ልብሱም፣ ጫማውም ከዚያችው ነው። ክፍሉ ከጣሪያ ሥር ያለ፣ እሳት የማይነድበት ጠባብ ቤት ነበር። በክረምት ይንቀጠቀጣል፣ በበጋ ይጠበሳል። ቁርሱ ገንፎ ነው፤ ምሳውም ከጥቂት ሳንቲም አልፎ አያውቅም።

ይህን ስጽፍ ርሃቡን ላሞግስ ፈልጌ አይደለም። ሰው ሳይበላ ይማር አልልም፤ ልጆች ያሉት ሰውማ ግማሽ ደሞዝ ቢል እብደት ነው። ቀልቤን የሳበው ሌላው ግማሽ ነው። 400 ፍራንክ በዓመት ማለት በሳምንት ከ7 ፍራንክ በላይ ነው፤ የአንድ ወር ኪራይ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ሽሊማን በነጻ አልተማረም። ገንዘቡን አንድ ቦታ ላይ አከማቸው እንጂ። ያ ቦታ የትኛው እንደሆነ ዘዴውን ስናይ ይገባናል።

ዘዴው

መጀመሪያ የእጅ ጽሑፉን ለማስተካከል 20 ትምህርት ወሰደ፤ በዚያ ዘመን ጽሑፉ የማይነበብ ሰው የቢሮ ሥራ አያገኝም። ከዚያ እንግሊዝኛ ጀመረ፤ ስድስት ወር ፈጀበት። ቀጥሎ ፈረንሳይኛ፤ ሌላ ስድስት ወር። በሁለቱም የተጠቀመው አንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ጮክ ብሎ ብዙ ያነባል። ወደ ራሱ ቋንቋ አይተረጉምም። በየቀኑ አንድ ትምህርት ይወስዳል። በሚወደው ጉዳይ ላይ ሁልጊዜ አጭር ድርሰት ይጽፋል፤ አስተማሪው ያርምለታል፤ የታረመውን በቃሉ ይይዛል፤ በማግስቱ ለዚያው አስተማሪ ይወጣዋል። በቃ ይኸው ነው።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው የቱ ነው? ማንበብ አይደለም። መጻፍ፣ መሸምደድም አይደለም። የሚከፈለው ለማረሚያው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አስተማሪው ሰዋስው እንዲያብራራለት አልነበረም የሚሄደው። ራሱ የጻፈውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አንድ ሰዓት ሙሉ የአስተማሪን ንግግር ከመስማት፣ የራስን ስህተት ይዞ ሄዶ ግማሽ ሰዓት መታረም ይሻላል። ገንዘብ ላጠረው ሰው ከዚህ ታሪክ የሚበልጥ ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ጊዜውንስ ከየት አመጣው? ከመንገድ። ለመልእክት ሲወጣ፣ ዝናብ እየዘነበ እንኳ፣ መጽሐፉ ከእጁ አይለይም። ፖስታ ቤት ተራ ሲጠብቅ ያነባል። እሑድ እሑድ ሁለት ጊዜ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይቀመጥና ሰባኪው የሚለውን ቃል በቃል በሹክሹክታ ይደግማል። ይህ የእንግሊዝኛው ጊዜ ነው፤ ለጆሮው የሚሆን ነጻ መምህር አገኘ ማለት ነው። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ቀን ያነበበውን በጨለማ በልቡ ያመላልሳል። ሌሊት አእምሮ ይሰበሰባል፣ ከሁሉም የጠቀመኝ ይኼ ነው ብሏል።

የማስታወስ ችሎታው ጎበዝ ከሚባሉት አልነበረም፤ ራሱ ደካማ ነበር ይላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያላሠራው ስለሆነ። ቀስ በቀስ ግን አንድን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ በትኩረት አንብቦ 20 ገጽ በቃሉ የሚወጣበት ደረጃ ደረሰ።

ሁለት መጽሐፍ

ለፈረንሳይኛ የያዘው ሁለት መጽሐፍ ነው። አንደኛው በ1699 የታተመው የፌኔሎን «ቴሌማክ»፣ ሌላው የበርናርደን ደ ሴን ፒየር «ፖል እና ቪርዢኒ»። ሁለቱንም በቃሉ ያዛቸው። ዳር እስከ ዳር።

አንድ መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ መያዝ ምን እንደሚሰጥ ለማየት የ«ቴሌማክ»ን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መመልከት ይበቃል። በግሪክ ተረት ያለችው ካሊፕሶ፣ ኡሊስ (ኦዲሴዩስ) ጥሏት በመሄዱ መጽናናት እንዳቃታት የሚናገር የስምንት ቃላት ዓረፍተ ነገር ነው። በስምንት ቃል ውስጥ አሉታ አለ። ይቀጥል የነበረን ሁኔታ የሚገልጸው የኃላፊ ጊዜ አለ። እንደ እኛ «ተጽናና» ድርጊቱ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ግሥ አለ። መስተዋድድና መስተአምር ተዋህደው አንድ ቃል የሚሆኑበት ቦታ አለ። የሰዋስው መጽሐፍ ይህን በአራት ምዕራፍ ያስተምራል። በቃሉ የያዘው ሰው ግን ሰው ሲናገር ጆሮው ልክ ያልሆነውን ራሱ ይለይለታል፤ ሕጉን መጥቀስ ባይችል እንኳ።

ይህ መንገድ ድካም አለው፤ ልደብቀው አልፈልግም። በመቶ ዓመታት የቆየ መጽሐፍ የገበያ ቋንቋ አያስተምርም። በ«ቴሌማክ» ቋንቋ ታክሲ አይጠራበትም። ሽሊማን ግን የሚፈልገው የንግድ ደብዳቤ መጻፍ ስለነበር ጨዋ፣ የተስተካከለ ፈረንሳይኛ ጠቀመው። መጽሐፉን የሚመርጠው ዓላማው ነው።

ይህ እኮ የቆሎ ተማሪ ነው

የሽሊማንን ታሪክ ያነበበ አበሻ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «ስለ እመቤቴ» የሚለው የቆሎ ተማሪ ነው የታየኝ። ከቤቱ የራቀ ልጅ። ቁራሽ በልቶ የሚያድር። ቀን ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል። ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ፤ መብራት አያስፈልገውምና በጨለማ ከየኔታ አፍ እየተቀበለ ይይዛል። በማግስቱ ያሰማል። ከሳተ ይታረማል፤ ካልሳተ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

ጮክ ብሎ ማንበብ፣ በቃል መያዝ፣ ማሰማት፣ መታረም። አምስተርዳም ላይ የተደረገው ይኸው ነው። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሽምደዳ ስም ጠፍቶበታል፤ ሳይገባ መሸምደድ በእርግጥ ከንቱ ነው። የገባህን፣ ያውም ራስህ ጽፈህ የታረመልህን ስትይዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አያቶቻችን ግዕዝን ያህል ቋንቋ በዚህ መንገድ ለትውልድ አሳልፈዋል። ይህ ሀብት እጃችን ላይ እያለ ለፈረንሳይኛ ስንደርስ የምንረሳው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ያተረፈውና የከሰረው

ከአንድ ዓመት በኋላ ሆላንድኛ፣ ስፓኒሽ፣ ጣሊያንኛና ፖርቱጋልኛ እያንዳንዳቸው ከስድስት ሳምንት በላይ አልፈጁብኝም ይላል። ዋጋም ከፍሎበታል። ልቡ መጽሐፉ ላይ ስለነበር የተላላኪነቱ ሥራ ተበላሸ። አለቆቹም ይህን መላላክ የማይችል ሰው እንዴት ለሌላ ሥራ ይታጫል ብለው እድገት ከለከሉት። ሥራ እየሠራ የሚማር ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ ጥናቱ የእንጀራ ገመድ እንዳይበጥስ።

መጋቢት 1844 ላይ በሰው ምስክርነት ሌላ ትልቅ የንግድ ቤት በደብዳቤ ጸሐፊነትና በሒሳብ መዝገብ ያዥነት ተቀበለው። ደሞዙ 1200 ፍራንክ ሆነ፤ ትጋቱን አይተው ወደ 2000 አሳደጉለት። በሁለት ዓመት ግድም ውስጥ ከ800 ወደ 2000። የቋንቋ ትምህርቱ ወጪውን መለሰ።

እዚያ ሆኖ ሩሲያኛ ጀመረ፤ ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ከተማው ውስጥ የሚያስተምረው ሰው አጣ። በእጁ የነበረው አሮጌ ሰዋስው፣ መዝገበ ቃላትና መናኛ የሩሲያኛ ትርጉም ብቻ ነው። የምን ትርጉም? የ«ቴሌማክ»! በፈረንሳይኛ በቃሉ የያዘው መጽሐፍ። ታሪኩን በቃሉ ስለያዘው እያንዳንዱ የሩሲያኛ መስመር ምን እንደሚል ያውቃል። የፈረንሳይኛው ልፋት ለሩሲያኛው ነጻ መፍቻ ሆነለት።

የሚያርመው ባይኖርም የሚሰማው ሰው አስፈለገው። አንድ ችግረኛ አይሁዳዊ በሳምንት 4 ፍራንክ ቀጠረና በየማታው ሁለት ሁለት ሰዓት ፊቱ ተቀምጦ እንዲሰማው አደረገ። ሰውየው ከሩሲያኛ አንዲት ፊደል አያውቅም። ሽሊማን ግን ለሰው ሲናገር ነው የሚነሸጠው። የቤቶቹ ወለል ሳንቃ ስለነበር ድምፁ ከላይ እስከ ታች ይሰማል። ጎረቤት አቤት አለ። ሁለት ጊዜ ቤት ለቀቀ። በስድስት ሳምንት የመጀመሪያውን የሩሲያኛ የንግድ ደብዳቤ ጻፈ። በ1846 መጀመሪያ የንግድ ቤቱ ወኪል አድርጎ ሴንት ፒተርስበርግ ላከው፤ ሀብታም የሆነውም እዚያ ነው።

ምን ያህል እንመነው

ይህን ሁሉ የሚነግረን ራሱ ነው፤ ያውም ዕድሜው ወደ 60 ሲጠጋ። ሽሊማን ደግሞ ታሪኩን ማሳመር ይወዳል። ለምሳሌ በ1851 ሳን ፍራንሲስኮ ሲቃጠል ነበርኩ ብሎ በማስታወሻው ያሰፈረው ከእውነተኛው ቃጠሎ ቀን ጋር አይገጥምም፤ እሳቱ በሜይ ነው የተነሳው፣ እሱ ጁን ላይ አድርጎታል። ስለዚህ «ስድስት ሳምንት» የሚለውን እኔ በጥንቃቄ ነው የምይዘው። ሆላንድኛው ለምሳሌ ለሰሜን ጀርመን ልጅ የጎረቤት ቋንቋ ነው፤ ያውም አምስተርዳም ውስጥ እየኖረ።

ችሎታው ግን ወሬ አልነበረም። በየሄደበት አገር ቋንቋ የጻፋቸው ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች አቴንስ፣ ጌናዲዮስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያ መጽሐፉን፣ ስለ ቻይናና ጃፓን ጉዞው፣ በ1867 ፓሪስ ላይ ያሳተመው በፈረንሳይኛ ነው።

ለእኛ ሲመነዘር

አማርኛ ተናጋሪ በስድስት ወር እዚያ ይደርሳል ብዬ አላታልልም። ርቀቱ ከጀርመንኛ ይበልጣል። ግን እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1066ቱ የኖርማን ወረራ ወዲህ እልፍ ቃል ከፈረንሳይኛ ወስዷል። «አንተ»ና «እርስዎ» መለየት ለአሜሪካዊ ራስ ምታት ነው፤ ለእኛ «ቱ»ና «ቩ» ሲባል ወዲያው ይገባናል። ስምን ወንድና ሴት ማለትም አዲሳችን አይደለም። ቢሮ፣ ጋራዥ፣ ሾፌር እያልን ነው ያደግነው፤ ለገሃርን የሰየማት የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ነው።

የሚያስቸግረን ጆሮ ነው። ፊደላችን የተጻፈውን ያነባል፤ ፈረንሳይኛ ግን ጽፎ ይውጣል። «ይናገራሉ» ለማለት ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሦስት የማይሰሙ ፊደላት ይደረደራሉ፤ ሲነበብ «ፓርል» ብቻ ነው፣ ልክ «ይናገራል» እንደሚለው። ከንፈርን «ኡ» እንደሚሉ አሹሎ «ኢ» የማለት ድምፅም አለ። ስለዚህ ለጆሮ የእሑድ ሰባኪ ያስፈልጋል። እሱን ደግሞ ዛሬ በነጻ እናገኛለን። የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው የ10 ደቂቃ ዕለታዊ ዜና ከነጽሑፉ ይገኛል። አንዱን ዜና ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ሳምንቱን ሙሉ በሹክሹክታ እየደገሙ መያዝ ይቻላል፤ በየቀኑ አዲስ ከማሳደድ ይሻላል።

ለመጽሐፍ እኔ የምመክረው የዮሐንስ ወንጌልን ነው። ብዙዎቻችን «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» የሚለውን ከነዜማው እናውቀዋለን። የሉዊ ሰጎን የ1910 ትርጉም በነጻ ይገኛል፤ እዚያ «ኦ ኮማንስማን ኤቴ ላ ፓሮል» ይላል። መዝገበ ቃላት ሳትገልጡ «ነበረ» ማለት «ኤቴ» እንደሆነ አገኛችሁት። «ላ» የምትለዋ ደግሞ ቃል በፈረንሳይኛ ሴት መሆኗን ነገረቻችሁ። ይህ የሽሊማን የሩሲያኛ «ቴሌማክ» ነው፤ ለእኛ ዳዊቱም ወንጌሉም እንደዚያው ያገለግላል። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም በቃላቸው የያዙትን ሱራ ከፈረንሳይኛ ትርጉሙ ጋር ማስተያየት ይችላሉ።

ገንዘቧ ለማረሚያው ትቀመጥ። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮ-ፈረንሳይ አሊያንስ ከ1907 ጀምሮ የቆየ ቤት ነው፤ ሙሉ ኮርስ መክፈል ለቻለ እሰየው። ላልቻለ ደግሞ ፈረንሳይኛ የሚችል ተማሪ ወይም ጡረታ የወጡ አስተማሪ ፈልጎ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ገጽ ጽፎ መታረም ያዋጣል። ሁለት ሆነው ቢከፍሉ ደግሞ ግማሽ ነው። ከዚያ የታረመውን መያዝ። ሰሚ ከጠፋ እናትም ትሰማለች፤ የሽሊማንም ሰሚ ቋንቋውን አያውቀውም ነበር።

የ«ቴሌማክ» ነገር አንድ ይቀረኛል። ቴሌማክ የኦዲሴዩስ ልጅ ነው፤ አባቱን ፍለጋ የሚንከራተት። ሽሊማን በ1868 የኦዲሴዩስ አገር የምትባለውን ኢታካ ደሴት ጎበኘ፤ አሁን ሀብታም ነው፣ ዕድሜው 46። የመንደሩ ሰዎች ሲከቡት የጥንቱን ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜርን ግጥም አውጥቶ፣ ኦዲሴዩስ ሽማግሌ አባቱን የሚያገኝበትን ክፍል ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ እየቆመም ወደ እነሱ አነጋገር መለሰላቸው። እንዳለቀሱ ጽፏል። የጻፈውም በፈረንሳይኛ ነው።